የጀግንነት ፊልም ይዤ እስከ ጌጫ

ሰኞ

ቴፒ ልሄድ ነው ስል አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ሁሉ መጀመሪያ «አገሩ ሰላም ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሱን ሳይሰሙ ደግሞ ማር እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። እኔ ስለ ጀግንነትና ስለ ፖለቲካ ግጭት የሚያወሩ ፊልሞችን እያየሁ በአንድ መጽሔት ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። አምባገነን ፊት የቆመ፣ ወዳጁን አሳልፎ ያልሰጠ፣ ጠመንጃ ተደቅኖበት ያልሸሸ ሰው ሁሉ በእኔ አምድ ላይ ተመስግኗል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ሳሎኔ ውስጥ፣ እግሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው። ገደል አጠገብ የሚያልፍ መንገድ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ በማላውቀው ቁጥር የሚደወል ስልክም እፈራለሁ።

የጋበዙኝ ሰው መምህር ደምሴ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ እሳቸው ግን ቴፒ ተወልደው ቴፒ ያረጁ፣ በቅርቡ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ከጡረታ በኋላ የፊልም ማኅበር አቋቁመው ለከተማው ወጣት የጀግና ፊልም ያሳያሉ። በስልክ «ሚዛን አንድ ቀን፣ ቴፒ አንድ ቀን ፊልም ያሳዩልን፤ ስለ ጀግንነትም ይናገሩልን። እሑድ ልጄን ስለምድር ሠርጉን በልተው ይመለሳሉ» አሉኝ። ልጁን በሚድርበት ሳምንት የፊልም እንግዳ የሚጠራ ሰው ምን ፈልጎ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ዝናዬ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

አውቶቡሱ ከሹፌሩ በላይ ቴሌቪዥን ነበረው። ገና ከተማውን ሳንለቅ አንድ ጡንቸኛ ሰውዬ ብቻውን አንድ ሙሉ ሠራዊት መደምሰስ ጀመረ። ከእኔ በቀር የሚያየው አልነበረም፤ እኔም የማየው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ለምሳ ስንቆም ግን ተሳፋሪው ሁሉ ነቃ። ጥብሱ ሲቀርብ አንድ ነገር ገረመኝ፤ በጀግና ፊልሞች ውስጥ ሰው አይበላም። ሳህኑ ይቀርባል፣ ጀግናው አንዴ ይጎርሳል፣ ስልክ ይጠራል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። የተረፈውን ማን እንደሚበላው አይነገረንም። እኛ አገር ቢሆን ሳይበላ የሚያስወጣው የለም፤ አገሩንም የሚያድነው ከምሳ በኋላ ነው።

ጅማ አደርኩ። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ከየት እንደመጣሁና ወዴት እንደምሄድ ከጠየቁኝ በኋላ ሁለት ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ፊትዎ ላይ ብርድ አለ» አሉኝ። ፍርሃት መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ

ጥር ነው ብዬ ጃንጥላ አልያዝኩም። አዲስ አበባ በጥር አቧራ ነው የሚዘንበው፤ ከቦንጋ በኋላ ያለው ሰማይ ግን የእኛን የቀን መቁጠሪያ አላየውም። ሻንጣዬ የታሰረው አውቶቡሱ አናት ላይ ስለነበር ለንግግሩ ያዘጋጀሁት ሱፍ ሚዛን የደረሰው ውኃ ጠጥቶ ነው። ፊልሞቹ ያሉበት ፍላሽ ደረት ኪሴ ውስጥ ስለነበር ተረፈ።

መንገዱ አስፋልት ነው፤ ግን ደኑ ውስጥ ሲጠማዘዝ መቆሚያ የለውም። ዓይኔን ጨፍኜ የወንበሩን ብረት ጨበጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ኮረሪማ ነጋዴ ነበሩ።

«መኪና ያምዎታል እንዴ?»

«ትንሽ ድካም ነው።»

ከቦርሳቸው ዝንጅብል አውጥተው በጥርሳቸው ከላጡ በኋላ ሰጡኝ። አዲስ አበባ የማያውቁት ሰው በጥርሱ የላጠውን ነገር ቢሰጥዎት ፖሊስ ይጠራሉ። እኔ ግን አኘክሁት፤ ተሻለኝም። ሚዛን እስክንደርስ ድረስ ስለ ሦስት ልጆቻቸው ሲያጫውቱኝ ገደሉን ረሳሁት። ስወርድ የቀረውን ዝንጅብል በኪሴ ከተቱልኝ።

ረቡዕ

ሚዛን ተፈሪ ከአዳራሹ ይልቅ ሙዙ ያምራል። ጠዋት አንድ ዘለላ ገዝቼ ለሆቴሉ ሠራተኞች ላካፍል ብል ሳቁብኝ፤ እዚህ ሙዝ ገዝቶ መስጠት አዲስ አበባ ላይ አቧራ ገዝቶ እንደመስጠት ነው። ሱፌን ግን ሲተኩሱ ውለው አደረቁልኝ፤ ለዚህም ምንም አልቀበል አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ያሳየሁት ፊልም ስለ አንዲት ዳኛ ነው። በአንድ ሩቅ አገር ጄኔራሎች ሥልጣን ይዘዋል። አንደኛው ተከስሶ ፊቷ ቀርቧል። ዛቻው በዝቶባታል፣ ጓደኞቿ ሸሽተዋል፣ የፍርዱ ቀን ደርሷል። ዳኛዋ ወረቀቷን አንሥታ አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ።

አዲስ አበባ ቢሆን ገንዘባችን ይመለስ ይባል ነበር። የሚዛን ተመልካች ግን ፍርዱን ራሱ ለመስጠት ተቀመጠ። ግማሹ ዕድሜ ልክ ፈረደ፤ ከኋላ የነበሩት ሽማግሌዎች ደግሞ ጄኔራሉ ወላጆቹን አምጥቶ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። እኔ በጨለማው ውስጥ ተነሥቼ ዳኛዋ «ጥፋተኛ ነህ» እንደምትለውና ፊልሙ በጭብጨባ እንደሚያልቅ ነገርኳቸው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት የባንክ ሠራተኛ እጇን አወጣች።

«ከዚያ በኋላ ቤቷ ማን አደረሳት?»

«ማንን?»

«ዳኛዋን። ፈርዳበታለች፤ የሱ ሰዎች ደጅ ቆመዋል። ማታ ቤቷ ማን አደረሳት? በማግስቱስ ገበያ ወጥታለች?»

ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል አልኳት። ለእኔ በቂ መልስ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን እኔን ትታ አጠገቧ ካለችው ጋር ዳኛዋ የት ብትደበቅ እንደሚሻል መወያየት ጀመረች። እኔም እነዚህን ፊልሞች ስንት ዓመት ሳይ አንድ ቀን እንኳ ማግስቱ አሳስቦኝ እንደማያውቅ ገባኝ፤ ትንሽም አፈርኩ።

ሐሙስ

ወደ ቴፒ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሸኮ ላይ ጎማው ፈነዳ። ከመንገድ ዳር ካለ ቤት አንዲት ወጣት ሴት ወንበር አውጥታ ለእኔ ብቻ አስቀመጠች፤ ሽበቴን አይታ መሆን አለበት። በቡና አገር ቡና እጠብቅ ነበር፤ የቀረበልኝ ግን ከቡናው ቅጠል የተፈላ፣ በርበሬና ዝንጅብል የበዛበት መጠጥ ነው። ፍሬውን ለእናንተ ልከን ቅጠሉን እኛ እንጠጣለን ስትል ቅሬታ የለባትም። ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ፤ ደግሜ ጠጣሁ።

ቴፒ ይሞቃል። በየግቢው በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ይሸታል። መምህር ደምሴ ጭምት ፊት ያላቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲቀበሉኝ እጄን ይዘው ቶሎ አልለቀቁኝም። ግቢያቸው ድንኳን ተተክሎበታል፣ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ትልቁ የብረት በር አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሙሽራዋ ትዕግሥት ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና በእጅ የምትያዝ ሳለች ነው።

«እስከ ዛሬ ስንት የጀግና ፊልም አይተዋል?» አለችኝ ምሳ እያቀረበች።

«ስፍር ቁጥር የለውም።»

«አባዬም እንደዚያው» አለችና አባቷን ሳታይ ወጣች።

መምህር ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሙሽራ ቤት ውስጥ ኩርፊያ አለ ብዬ አሰብኩ፤ የልብስ ወይም የሚዜ ጉዳይ መሰለኝ።

ዓርብ

የቴፒው ፊልም ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ከተማው ተከፍሎ ሰው በወገኑ እየተለየ ይታደናል። አንድ ምሽት የሚታደን ጎረቤቱ በሩን ያንኳኳል። ሰዓት ሠሪው ፈሪ ነው፤ ልጆች አሉት። ፊልሙ እዚያች በር ላይ ብዙ ይቆያል፤ እጁን ያሳያል፣ ቁልፉን ያሳያል፣ እንደገና እጁን ያሳያል።

ይህ ከተማ ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሱ ግርግር ነበረበት። ምክንያቱን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነግሮኛል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰዓት ሠሪው ቁልፉ ላይ እጁን ሲያሳርፍ መምህር ደምሴ ከጎኔ ተነሡ።

«ጄኔሬተሩን ልየው» ብለው ወጡ።

መብራት ነበረ። ጄኔሬተሩም ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም። ሰዓት ሠሪው በሩን ከፈተ፣ ሙዚቃው ተነሣ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ እኔ ተነሥቼ ጀግንነት ማለት ፍርሃት አለመኖር ሳይሆን ከፍርሃት ጋር መራመድ ነው የሚለውን ንግግሬን አደረግሁ። በየዓመቱ ስለምናገረው ይዋጣልኛል።

መምህር ደምሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙ። «ነገ ጌጫ ደርሰን እንምጣ። ሠርግ የምጠራቸው ሰዎች አሉ» አሉኝ። እዚህ የቅርብ ሰው በወረቀት አይጠራም፤ የጠሪው እግር ደጃፉን መርገጥ አለበት። ሠርጉ ሊደርስ አንድ ቀን ቀርቶት ነው ወይ የሚጠሩት ብዬ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። ማሩንም አሰብኩ፤ የጌጫ ማር ጥሩ ነው ይባላል።

ቅዳሜ

ከቴፒ ጌጫ ሽቅብ ነው። ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ዳገቱን ሲይዝ ሙቀቱ እየቀረ ጉሙ እየወረደ፣ ቡናው ለእንሰት ቦታ እየለቀቀ ሄደ። መምህር ደምሴ ግማሽ መንገድ ላይ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

የምንሄደው አቶ ማርቆስና ወይዘሮ አስቴር ዘንድ ነው። የዚህ አገር ተወላጆች ናቸው፤ ቴፒ ሳሉ ጎረቤት ነበሩ። የትዕግሥት እናት ስትሞት ሕፃኗን ወስደው ያሳደጓት ወይዘሮ አስቴር ናቸው። የግርግሩ ዕለት ባልየው ጌጫ፣ አገር ቤት ነበሩ። ሊመሽ ሲል ዱላ የያዙ ወጣቶች እንደነሱ ያለውን የአገሬውን ሰው እየፈለጉ ሰፈሩ ውስጥ ሲገቡ ወይዘሮ አስቴር ሮጠው የመምህር ደምሴን የብረት በር አንኳኩ።

«ትዕግሥት ትምህርት ላይ ነበረች። ብቻዬን ነበርኩ» አሉኝ። «አልከፈትኩም።»

ሴትዮዋ የቡና ተክል ውስጥ ተደብቀው አድረው ተረፉ። በሳምንቱ ዕቃቸውን ጭነው ጌጫ ገቡ። ትዕግሥት እየተመላለሰች ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልገቡም፤ መምህር ደምሴም ጌጫን አልረገጡም። ትዕግሥት ደግሞ ለአባቷ ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ «እማማ አስቴር ገብታ ካላለበሰችኝ ከዚህ ቤት ለብሼ አልወጣም» ብላለች።

«እና እኔ ለምን አስፈለግሁ?» አልኩ።

«ብቻዬን ብሄድ ላያስገቡኝ ይችላሉ። እንግዳ ከያዝኩ ግን አይመልሱኝም። እንግዳ መመለስ እዚህ ነውር ነው።» «በመጽሔት የሚጽፉትን ሁሉ አነባለሁ፤ እሱም እውነት ነው» ብለው አከሉ።

ተናደድኩ፣ ቀጥሎም ሳቄ መጣ። ከአዲስ አበባ ድረስ የተጠራሁት ለአንድ የፈራ ሰው ጋሻ እንድሆን ነበር፤ ጋሻ ሆኖ የተመረጠው ደግሞ ከሱ የባሰ ፈሪ ነው።

አቶ ማርቆስ በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ መምህር ደምሴን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«እንግዳ ነው?»

«ከአዲስ አበባ ነው የመጡት» አሉ መምህር ደምሴ ከጀርባዬ።

«እንግዳ ከሆነ ይግባ።»

ገባን። ቆጮ መጣ፣ ጎመን መጣ፣ ወተት መጣ፣ ነጭ ማር በሰፊ ሳህን መጣ። ሁሉም ወደ እኔ በኩል ነበር የሚቀመጠው። ወይዘሮ አስቴር አጠር ያሉ፣ ወገባቸውን በነጠላ ያሰሩ ሴት ናቸው፤ ሳህኑን አስቀምጠው ወደ ጓዳው በር ተመለሱና እዚያው ቆሙ። አቶ ማርቆስ አማርኛን ከቤታቸው ቋንቋ ቀጥለው የተማሩት ስለሆነ አንቱታ አያባክኑም።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፊልም አይቼ እጽፋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላ ፊልም አያለሁ።»

«ጥሩ ሥራ ነው። ዝናብ አያበላሸውም።» ማሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ትናንት ምን አየህ? ንገረን፤ ቤቱ ዝም ብሏል።»

ያን ጊዜ ነው የሞኝ ሥራዬን የሠራሁት። ታሪክ ንገረን የተባለ የፊልም ጸሐፊ ሌላ ነገር አይታየውም። ስለ ከተማው ነገርኳቸው፣ ስለ ሰዓት ሠሪው ነገርኳቸው፣ እጄን እያወዛወዝኩ የሚታደነውን ጎረቤት አስሮጥኩት። «በሩን አንኳኳ» ስል ጣቶቼ ጠረጴዛውን መቱት። የመምህር ደምሴን ፊት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጣቶቼን ሰበሰብኩ። ቃሉን ወደ አፌ የምመልስበት መንገድ ቢኖር እመልሰው ነበር።

«ቀጥል እንጂ» አሉ ወይዘሮ አስቴር ከጓዳው በር። «ከፈተለት?»

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት መምህር ደምሴ ቀደሙኝ።

«እኔ አልከፈትኩም።»

ውጭ የገበያተኛ ድምፅ ያልፍ ነበር። አቶ ማርቆስ የሳህኑን ጠርዝ ያያሉ። ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው እንደገና አሰሩት።

«አለመክፈትህንማ አውቃለሁ» አሉ። «እኔ የማላውቀው ሰምተኸኝ እንደሆነ ነው። አልሰማኝም ይሆናል፣ ጓሮ ይሆናል እያልኩ ነው የኖርኩት።»

እኔ ያየኋቸው ፊልሞች ሁሉ እዚህ ጋ ለሰውየው ረጅም ንግግር ይሰጡታል። ወይዘሮ አስቴር ደግሞ ማምለጫውን ከነቁልፉ መምህር ደምሴ እጅ ላይ አስቀምጠዋል፤ ጓሮ ነበርኩ ቢሉ አለቀ፤ ነገ ሠርግ ነው፤ ማንም አይመረምራቸውም። እኔ ብሆን ጓሮ ነበርኩ እል ነበር። መሬት እያየሁ እንዲሉ በልቤ ለመንኳቸው።

«ሰምቼሻለሁ» አሉ መምህር ደምሴ። «ስሜን ስትጠሪም ሰምቻለሁ። በሩ ሥር ቆሜ ነበር።»

ሙዚቃ አልተነሣም። ወይዘሮ አስቴር ወደ ጓዳ ገቡ፤ ዕቃ ሲንኳኳ ሰማን። አቶ ማርቆስ ቆጮውን ቆርሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በመምህር ደምሴ በኩል አስቀመጡ። «ብላ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሏቸው።

ስንወጣ መምህር ደምሴ በጓዳው በር ቆመው «ሠርጉ ነገ ነው። ትዕግሥት ያላንቺ አልወጣም ብላለች» አሉ።

«ልጄን አውቃታለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። «መንገዱን እናያለን።»

ይህ እሺ ይሁን እምቢ እስከ ቴፒ ድረስ ስንከራከር ወረድን። ማር መግዛቱን ረሳሁት።

እሑድ

መምህር ደምሴ ከጠዋት ጀምሮ በአዲሱ ሱፋቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገቢውን ሁሉ ይስማሉ፤ ዓይናቸው ግን ከገቢው ጀርባ ነው። ትዕግሥት ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች። ቀሚሱ አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ነው። ሚዜዎቿ ለምነው ለምነው ተስፋ ቆርጠው ወጥተዋል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከጌጫ የሚመጣ መኪና ጭቃ ይዞት ይሆናል የሚሉ ነበሩ። እኔ ግን መንገዱን መውቀስ አልቻልኩም፤ ትናንት እዚያ ቤት የተነገረውን ሰምቼዋለሁ።

የሙሽራው መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ መጡ። ሽማግሌዎች መምህር ደምሴን ጎትተው ድንኳኑ ውስጥ ከእንግዶቹ ጋር አስቀመጧቸው። የሙሽራዋ ወገን ሴቶች ደግሞ እንደ ወጉ የብረቱን በር ዘግተው ሙሽራውን አናስገባም ማለት ጀመሩ። ከበሮው ተመታ፣ ከውጭ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ከውስጥ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ለቪዲዮ ቀራጩ ሲባል በፍጥነት ያደርጉታል፤ ቴፒ ግን ከምር ነው፤ ሙሽራው ሳይለፋ አይገባም።

እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በአጥሩ በኩል ውጩን አያለሁ። ከሙሽራው መኪናዎች ኋላ አንድ በጭቃ የተለወሰ ቅጥቅጥ ቆሞ ሰው ሲያወርድ አየሁ። አቶ ማርቆስ ወረዱ። ከዚያ ወይዘሮ አስቴር ወረዱ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ጫማቸው በእጃቸው ነው። በሚዜዎቹ መካከል እየተጋፉ እስከ በሩ መጡ። በሩ ዝግ ነው። ቆሙና አዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ወደ ኋላቸው ሊመለሱ ይመስሉ ነበር፤ ግን እጃቸውን አንሥተው ብረቱን አንኳኩ።

«ደምሴ» ብለው ተጣሩ።

በዚያ ሁሉ ከበሮና ጭብጨባ መካከል መስማት የሚቻል አልነበረም። እኔ ራሴ ከንፈራቸውን አይቼ ነው ያወቅሁት። መምህር ደምሴ ግን ሰሙ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሥተው፣ የድንኳኑን ገመድ ጠልፈው፣ የመጠጥ ሣጥን ገልብጠው፣ የሚዘፍኑትን ሴቶች ግራና ቀኝ ገፍተው መወርወሪያውን ጎተቱና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ሚዜዎቹ ያሸነፉ መስሏቸው በሆታ ገቡ። ሴቶቹ ጮሁ፤ አባት ራሱ የልጁን በር ሲከፍት ታይቶ አይታወቅም። መምህር ደምሴ ማንንም አልሰሙም። የበሩን ብረት ይዘው ቆመዋል። ወይዘሮ አስቴር እፊታቸው ናቸው።

«ቆየህ» አሏቸው።

መምህር ደምሴ አቀርቅረው መንገድ ለቀቁ። ወይዘሮ አስቴር ደፉን ተሻግረው ገቡ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ግቢውን፣ ድንኳኑን፣ የትዕግሥትን መስኮት ቀስ ብለው አዩ። ከዚያ ዓይናቸው መሀል ግቢ ተገትሮ የቆመው ሙሽራ ላይ ዐረፈ።

«ይሄን ማን አስገባው?» አሉ። «ልጄን ገና አላለበስኩም።»

ሙሽራውን በትከሻው ይዘው፣ ሚዜዎቹን በነጠላቸው እየነዱ አንድ በአንድ ወደ ውጭ መለሷቸው። በሩን ገፍተው ዘጉት፤ መወርወሪያውን ራሳቸው ጣሉ። «ለብሳ እስክትወጣ ንቅንቅ እንዳይል» ብለው መምህር ደምሴን በሩ ላይ አስደገፏቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ወደ ትዕግሥት ክፍል ሄዱ። ሳያንኳኩ ከውስጥ ተከፈተላቸው።